ጨረታ ያልወጣለት ግዥ በዳኛ ፊት



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው ደረቅ ነው። የመንግሥት ግዥ ሲባል የሰው ልቡና ወዲያውኑ የሚሄደው ወደ ደረሰኝና ወደ ማኅተም፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤትና ወደ ሞዴል 19 ስለ ሆነ፣ ይህን ርእስ ይዞ በሕዝብ ፊት የሚቆም ተናጋሪ ገና አፉን ሳይከፍት ግማሹን አድማጭ እንቅልፍ ይጀምረዋል። ሆኖም ሕመምተኛው የሚውጠው ኪኒን፣ ተማሪው የሚገልጠው መጽሐፍ፣ ባላገሩ በክረምት የሚሻገረው ድልድይ፣ ሁሉም አንድ ሹም ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ በሕዝብ ገንዘብ የገዛው ነገር ስለ ሆነ፣ ተራው ሰው መንግሥቱን የሚያውቀው በዐዋጅና በበዓል ቀን ንግግር ሳይሆን ይበልጡን በተገዛለትና ባልተገዛለት ዕቃ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በየአጥቢያችን ያለውን አንድ የቆየ ልማድ ላንሣ። ሙዳየ ምጽዋት በሚከፈትበት ቀን ቁልፉን የያዘው ሰው ምንም ያህል የታመነና የተመሰገነ ቢሆን ብቻውን አይከፍተውም፤ ካህናቱና የምእመናኑ ተወካዮች ተሰብስበው፣ ገንዘቡ በጠረጴዛ ላይ ፈስሶ፣ ሳንቲሙ ከሳንቲም ብሩም ከብር ተለይቶ ተቈጥሮ፣ ልኩ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈና ሁሉም ከፈረሙበት በኋላ ነው ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው። ይህ የሚደረገው ቁልፍ ያዡ ተጠርጥሮ አይደለም፤ ቅን ሰውም ቢሆን ብቻውን ለቈጠረው ገንዘብ ምስክር ስለማይኖረው፣ ከሐሜት የሚጠብቀውም ያው ጉባኤው ስለ ሆነ ነው እንጂ። የግልጽ ጨረታ ሥርዓትም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፤ ሰነዱን የፈለገ ሁሉ ይወስዳል፤ የታሸገው ፖስታ በተጫራቾች ፊት ተከፍቶ የእያንዳንዱ ዋጋ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ጨረታ ያልወጣለት ግዥ ግን ያለ ምስክር እንደ ተከፈተ ሙዳየ ምጽዋት ነው፤ ምናልባት አንዲት ሳንቲም አልጐደለች ይሆናል፣ ነገር ግን አለመጕደሏን የሚያውቅ የለም።

የሕጉ ችግር ከዚህ ይጀምራል። ሌባ ቤት ሲሰብር የተሰበረ በር ትቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱም በሩን አይቶ ይጮኻል። ጨረታ ሳይወጣ የተፈጸመ ግዥ ግን የሚያሳየው ስብራት የለውም፤ ዕቃውን በርካሽ ሊያቀርብ ይችል የነበረው ነጋዴ ማስታወቂያ ስላልወጣ መበደሉን ሳያውቅ በሱቁ ተቀምጦ ይውላል፣ ግብር ከፋዩም ከኪሱ የወጣችው ድርሻ ከቁጥር የማትገባ ስለ ሆነች አይሰማውም፣ ገዢውና ሻጩ ደግሞ ተጨባብጠው የተለያዩ ወዳጆች ናቸውና አንዱ ሌላውን አይከስም። ፍርድ ቤት የተሠራው ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ለማዳመጥ ነው፤ በዚህ ነገር ግን ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የተበደለው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም በውሉ ውስጥ ስሙ የለም። ይህ ሦስተኛ ሰው እንዴት አድርጎ በዳኛ ፊት ሊቆም እንደ ቻለ፣ ከቆመም በኋላ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ፣ በሁለት አገሮች ታሪክ፣ በአንደኛው በአጭሩ፣ በሁለተኛው ሰፋ አድርጌ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። የውጭ አገር ዓመታት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አስቀድሜ ግን ለሹማምንቱም የሚገባቸውን ልስጣቸው፤ ያለ ጨረታ የተገዛ ሁሉ በግፍ የተገዛ አይደለምና። ቤት ሲቃጠል ባልዲ በጨረታ አይገዛም፤ መለዋወጫውን የሚሠራው በዓለም ላይ አንድ ፋብሪካ ብቻ ከሆነም ተወዳዳሪ መጥራት ከንቱ ሥርዓት ነው። የየአገሩ የግዥ ሕግ ይህን ያውቃል፤ የእኛም ሕግ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ የሚገዛበትን ሁኔታ ለይቶ ይፈቅዳል። ክርክሩ «ቸኵለን ነበር» የሚለው ቃል ምን ያህል ይሸፍናል በሚለው ነው። የአውሮፓ ሕግ፣ እንግሊዝም በ2015 ባወጣችው የግዥ ደንብ የተቀበለችው፣ ለዚህ ቃል ጠባብ በር ነው የከፈተለት፤ ጥድፊያው ብርቱ መሆን አለበት፣ የመጣውም መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ሊያየው ባልቻለው ነገር መሆን አለበት፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያመጣው መሆን የለበትም፣ ግዥውም ለችግሩ በግድ ከሚያስፈልገው ልክ ማለፍ የለበትም። እሳቱን ከጧት ጀምሮ እያየ ተቀምጦ የዋለ ሰው ማታ ላይ «ጊዜ አጣሁ» ቢል አይሰማም ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንሻገር ታስፈልገናለች።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ የሚሆን ጭንብልና ጓንት አጥቶ ዓለምን ሁሉ ሲያስስ፣ እሳቱ እውነተኛ እሳት ነበረ። እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ከ8,600 በላይ ውሎች ተፈርመው ዋጋቸው 18 ቢሊዮን ፓውንድ ሲደርስ፣ ከዚህ ውስጥ የ10.5 ቢሊዮኑ ያለ ውድድር በቀጥታ የተሰጠ መሆኑን የአገሪቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ገለጠ። ይሁን እንጂ ነገሩን ለክስ ያበቃው የጨረታው መቅረት ብቻ አልነበረም፤ በጨረታው ቦታ ሌላ በር መከፈቱ ነው። በሚኒስትሮች፣ በምክር ቤት አባላትና በከፍተኛ ሹማምንት ጥቆማ የመጡ ሻጮች የሚስተናገዱበት የተለየ ተራ ተበጅቶ ነበር፤ በዚያ በር ከገቡት 493 አቅራቢዎች 47ቱ ውል ሲያገኙ፣ በተራው በር ከተሰለፉት 14,892 ያገኙት 104 ብቻ ናቸው፤ በአንደኛው ከዐሥር አንድ ያህል፣ በሌላው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የሚጠየቅ የሚመስለው ሰው ካለ እነዚህን ቁጥሮች ደግሞ ያንብባቸው።

ጉድ ሎው ፕሮጀክት የሚባል ማኅበርና ኤቭሪ ዶክተር የሚባል የሐኪሞች ማኅበር ተባብረው ከሰሱ፤ ዳኛዋ ወይዘሮ ኦፋረልም ጃንዋሪ 12 ቀን 2022 በሰጡት ፍርድ፣ ጨረታ ባይኖርም የዕኩልነት ግዴታ አብሮ እንደማይቀር፣ የተለየው በርም ይህን ግዴታ እንደ ጣሰ በየኑ። ነገር ግን ወዲያው አስከትለው፣ ክስ የቀረበባቸው ሻጮች በተራው በር ቢመጡም ውሉን ማግኘታቸው የማይቀር ይመስላል ብለው፣ ለከሳሾቹ ከዚህ ቃል የበለጠ መፍትሔ ሳይሰጡ ቀሩ። ሕግ ተጥሷል፤ ነገር ግን ባይጣስም ያው ነበር ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ ፍርድ ይልቅ የሚከብድብኝ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ ዳኛ ቼምበርሊን የሰጡት አጭር ብይን ነው፤ መንግሥት የፈረማቸውን ውሎች በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ሲገባው ባለማሳወቁ ሕግ ጥሷል አሉ። በጨለማ የተደረገን ግዥ ለመክሰስ አስቀድሞ መብራቱ መብራት አለበትና።

ወይዘሮ ኦፋረል የቆሙበት ስፍራ፣ ማለትም ሕገ ወጥነቱ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው መስቀለኛ መንገድ፣ የደቡብ አፍሪካ ዳኞች ዓመታት ሙሉ የታገሉበት ስፍራ ነው። የዚያች አገር ሰዎች ከአፓርታይድ ወጥተው በ1996 ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ፣ ሌሎች አገሮች በተራ ዐዋጅ ወይም በመመሪያ የሚተዉትን የግዥን ነገር በሕገ መንግሥቱ በ217ኛው አንቀጽ አኖሩት፤ መንግሥት የሚገዛው ርትዓዊ፣ ዕኩልነትን የጠበቀ፣ ግልጽ፣ ውድድር ያለበትና ከዋጋው ጋር የሚመጣጠን ጥቅም በሚያስገኝ ሥርዓት ይሁን ብለው። የመንግሥት በረከት ለጥቂቶች ብቻ ሲከፈል በኖረባት አገር ግዥ ከሰው መብት ተለይቶ የሚታይ ነገር አለመሆኑን ስላወቁ ይመስለኛል።

በዚያች አገር ለሽማግሌዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለድኻ ሕፃናት አሳዳጊዎች መንግሥት በየወሩ ድጎማ ይከፍላል። ይህን የሚያስተዳድረው ሳሳ የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2011 በዘጠኙም አውራጃዎች ድጎማውን ለአምስት ዓመት የሚያድል አንድ ድርጅት ለመምረጥ ጨረታ አወጣ፤ ዋጋውም 10 ቢሊዮን ራንድ ያህል ነበረ። ሃያ አንድ ሰነዶች ገቡ። ነገር ግን የማስገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሲል መሥሪያ ቤቱ አንድ ማስታወቂያ ጨመረ፤ ተቀባዩ በሕይወት መኖሩ በጣቱ ወይም በድምፁ ምልክት በየወሩ ይረጋገጥ የሚል፣ አስቀድሞ የተወደደ ብቻ የነበረውን አሁን የግድ ይሁን አይሁን በግልጽ የማይለይ ማስታወቂያ ነበረ። ሰነዶቹ በተመዘኑ ጊዜ ያን መመዘኛ አልፎ ወደ ዋጋ ምርመራ የደረሰው ካሽ ፔይማስተር ሰርቪስስ የተባለው ኩባንያ ብቻውን ሆነ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሃያ አንድ ሰው ተጠርቶ፣ ዋጋ በሚነጻጸርበት ሰዓት ግን ከራሱ በቀር የሚነጻጸርበት የሌለ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ይህ በስሙ ጨረታ በግብሩ ግን ከአንድ ሻጭ የተደረገ ግዥ አይደለምን? ውሉ በፌብሩዋሪ 2012 ተፈረመ።

የተሸነፈው ኦልፔይ የተባለው ኩባንያ ከሰሰ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ነገር ግን ይቅር አይፍረስ አለ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ላይ፣ ውጤቱን የማይለውጥ ጥቃቅን ግድፈት ጨረታን አያበላሽም ብሎ ለመንግሥት ፈረደ። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ግን ኖቬምበር 29 ቀን 2013 በዳኛ ፍሮነማን ብዕር ይህን አሳብ ከሥሩ ነቀለው። የሥርዓቱ ቀናነት ከውጤቱ ተለይቶ ይመዘናል፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ ከተጣመመ ቀና ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። በተሰበረ ሚዛን የተመዘነውን እህል «ሚዛኑ ደኅና ቢሆንም ክብደቱ ያው ነው» ብሎ የሚምል ነጋዴ በምን ዐውቆ ነው የሚምለው? ውጤቱ የሚታሰብበት ቦታ አለው፤ እርሱም ሕግ ተጥሷል ከተባለ በኋላ፣ መፍትሔው ሲፈለግ ነው። የእንግሊዙንና የደቡብ አፍሪካውን ፍርድ ጐን ለጐን ያስቀመጥሁት ስለዚህች ልዩነት ነው፤ በአንደኛው «ያው ነበር» የሚለው ቃል የነገሩ መዝጊያ ሆነ፣ በሌላው ግን የሁለተኛው ክርክር መክፈቻ።

ሁለተኛው ክርክር ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ከባድ ነበረ። ውሉ ተቀድዶ ቢጣል በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ በገጠር የምትኖር አሮጊት ድጎማዋን የሚሰጣት አታገኝም፤ ውሉ ይጽና ቢባል ደግሞ ሕግ የጣሰው የጣሰበትን ፍሬ ይበላል። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2014 የሠራው መፍትሔ በሕግ ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠናበት ምክንያት ይህ ነው። ውሉ ፈራሽ ነው አለ፤ ነገር ግን የፍርሻውን ቃል አቆየው፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ጨረታ እንዲያወጣ አዘዘ፤ የሥራውን አካሄድ ለፍርድ ቤቱ እየጻፈ እንዲያሳውቅ፣ ኩባንያውም በመጨረሻው ወጪውን፣ ገቢውንና ትርፉን በሒሳብ አዋቂ አስመርምሮ እንዲያቀርብ ደነገገ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የመንግሥትን ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ በእጁ የያዘ የግል ኩባንያ እንደ መንግሥት አካል ይጠየቃል፣ ከሕገ ወጥ ውልም ትርፍ የማግኘት መብት የለውም፣ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ጥሎም ሊሄድ አይችልም ማለቱ ነው። ነጋዴው ሥራውን ሲይዝ የመንግሥትን ካባ ደርቧልና በፈለገ ጊዜ አያወልቀውም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን ለታሪክ ጸሓፊ እንጂ ለሕግ ሰው የሚያስደስት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ አዲሱን ጨረታ አውጥቶ በ2015 ለማንም አልሰጥም ብሎ ዘጋው፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2017 ጀምሮ ክፍያውን እኔው ራሴ እፈጽማለሁ ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጻፈ። ፍርድ ቤቱም አምኖ መዝገቡን ዘጋ። በ2016 ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን በቀኑ መጀመር እንደማይችል አወቀ፤ አውቆም ዝም አለ። ወሮች አለፉ። በፌብሩዋሪ 2017 መጨረሻ ላይ፣ ውሉ ሊያልቅ ወር ብቻ ሲቀረው፣ ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ አስገባና በማግሥቱ መልሶ አወጣው። በዚህ መካከል ከ17 ሚሊዮን በላይ ድጎማዎች የሚከፍላቸው አካል በሕግ የታወቀ አልነበረም፤ መንግሥትም ያለ ምንም ጨረታ ከዚያው ሕገ ወጥ ከተባለው ኩባንያ ጋር አዲስ ውል ለመደራደር ተቀምጦ ነበር። ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር ይህ ነው፤ እሳቱን ከጧት ጀምሮ ሲያይ የዋለው ሰው ማታ ላይ ባልዲ ያለ ጨረታ ካልገዛሁ አለ።

ማን ከሰሰ? እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የተሸነፈ ተጫራች አልነበረም፤ ጨረታ ሳይኖር ተሸናፊ የለምና። የከሰሰው ብላክ ሳሽ የተባለው ማኅበር ነው፤ ትርጓሜውም ጥቁር መታጠቂያ ነው። ማኅበሩን የመሠረቱት በ1955 በጆሃንስበርግ የነበሩ ስድስት ሴቶች ሲሆኑ፣ የዘመኑ መንግሥት ክልስ የሚባሉትን ዜጎች ከመራጮች መዝገብ ለማውጣት ሕገ መንግሥቱን ሲያጣምም፣ ለሞተው ሕገ መንግሥት ሐዘን ብለው ጥቁር ጨርቅ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው አንግተው በሹማምንቱ በር በዝምታ ይቆሙ ነበር። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ እነዚያ ደግሞ ሐዘናቸውን በጥቁር መታጠቂያ ገለጡ። ከስድሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው የሚሆኑት አባላት ጉዳያቸው የድጎማ ገንዘብ ሆኖ ነበር፤ ከተቀባዮቹ ሒሳብ ለስልክ ካርድ፣ ለብድርና ለቀብር መድን እየተባለ ገንዘብ ሲቀነስ፣ ሻጮቹም ከከፋዩ ኩባንያ ጋር በአንድ እናት ድርጅት ሥር ያሉ ሲሆኑ አይተው ነበርና። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ ለሕዝብ ጥቅም የሚቆም ማንም ሰው መብት ሲነካ አቤት ሊል ይችላል ስለሚል፣ የራሳችን ገንዘብ ጠፋብን ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ገቡ።

ማርች 17 ቀን 2017 የተሰጠው ፍርድ ኩባንያውን ለተጨማሪ 12 ወራት ክፍያውን እንዲቀጥል አዘዘው። በሌላ አነጋገር ፍርድ ቤቱ ራሱ ጨረታ ያልወጣለት አገልግሎት በትእዛዙ እንዲቀጥል አደረገ። ይህን የነቀፉ አሉ፤ ሕግ የጣሰው በመጨረሻ ሌላ ዓመት ተመረቀለት ብለው፤ ነቀፋቸውም ባዶ አይደለም። እኔ ግን ከዳኞቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም የትእዛዙን ዝርዝር ያነበበ ሰው ምርቃት ሆኖ አያገኘውም። ዋጋው ባለበት ይቀጥላል፤ ኩባንያው ይጨመርልኝ ካለ በራሱ ድርድር ሳይሆን በገንዘብ ሚኒስቴሩ በኩል ይጠይቅ። የተቀባዮቹ የግል ማስረጃ ለክፍያው ብቻ ይዋል እንጂ ብድርና ካርድ ለመሸጥ አይንካ። የሂሳብ ዋና ተቆጣጣሪውና ነጻ ሊቃውንት ሥራውን ይመርምሩ፣ መሥሪያ ቤቱና የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትሯም በየሦስት ወሩ ለፍርድ ቤቱ ይጻፉ። ጨረታ ያጣውን ብርሃን ዳኞቹ በሌላ መስኮት አስገቡት ማለት ነው፤ ተወዳዳሪ በሌለበት ተቈጣጣሪ ተኩ።

ሚኒስትሯን በሚመለከትም ፍርዱ ከተለመደው ወጣ። እንደ ልማዱ ሹም ሲሳሳት የክስ ወጪውን የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ማለትም የተበደለው ሕዝብ ራሱ ደግሞ ከኪሱ ያወጣል። የደቡብ አፍሪካ ዳኞች የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትር የነበሩትን ባታቢሌ ድላሚኒን ለምን በግልዎ አይከፍሉም ብለው ጠየቁ፤ ጡረታ በወጡ አንድ ዳኛ የተመራ ምርመራም ከተደረገ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2018 የክሱን ወጪ 20 በመቶ ከራሳቸው ገንዘብ እንዲከፍሉ ፈረዱባቸው። በምርመራው ላይ የሰጡትም ቃል ተከትሏቸው በ2022 በሐሰተኛ ምስክርነት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ለሚሊዮኖች ድጎማ በሚንቀሳቀስ ቢሊዮን ፊት የአንድ ሰው የወጪ ድርሻ ምንድን ነው የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሹም በመንግሥት ገንዘብ ላይ ሲፈርም እጁ የሚቀለውን ያህል በራሱ ገንዘብ ላይ አይቀለውም።

አሁን አንድ አፍታ ወደ ቤታችን እንመለስ፤ በመንገዳችን ላይ ግን ለአገሮች ሁሉ የወጣውን አብነት እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1994 ለአገሮች አብነት ይሆን ዘንድ ያወጣው የግዥ ሕግ፣ የተበደለ አቅራቢ አቤት ሊል ይችላል ካለ በኋላ፣ አቤት ከማይባልባቸው ነገሮች አንደኛው የግዥ ዘዴው ምርጫ ነው ብሎ ነበር። ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ አስተውሉ፤ ጨረታ ወጥቶ ነጥብ ቢዛባ አቤት ይባላል፤ ጨረታው ከነጭራሹ ቢቀር ግን አይባልም። ትንሹን በር ቈልፎ ትልቁን ከፍቶ መተው ነው። ኮሚሽኑ ራሱ በ2011 ባሻሻለው አብነት ይህን ክልከላ አስቀርቶታል። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ሲናገር ለጨረታ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል፤ ከዚያ በኋላም የግዥ ዐዋጆች፣ ዐዋጅ ቁጥር 649/2001 እና በቦታው የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1333/2016፣ የአቤቱታን ሥርዓት አብጅተዋል። ይህ ሥርዓት በጠባዩ ለነጋዴው፣ ለተወዳደረው ወይም ሊወዳደር ለፈለገው የተቈረጠ ልብስ ነው። ጥቁር መታጠቂያ ለታጠቁት ሴቶች የሚሆነውን ልብስ የሚፈልግ ሰው ወደ ሕገ መንግሥቱ 37ኛ አንቀጽ መሄድ አለበት፤ እርሱም ማኅበር ስለ አባሎቹ ጥቅም፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን የሚወክል ሰው ወይም ቡድንም ስለ ወገኖቹ ፍትሕ ሊጠይቅ ይችላል ይላል። «ለሕዝብ ጥቅም የሚቆም ማንም ሰው» የሚለውን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ መንደር ውኃ የሚጠጡ ሁሉ ለውኃ ቧንቧው ግዥ ተመሳሳይ ጥቅም የላቸውም ብሎ ለመከራከር ጠበቃው ብዙ መልፋት ያለበት ይመስለኛል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ከመካከላችሁ አንዱ ሊጠይቀኝ ያሰበው የሚመስለኝን ጥያቄ ልቅደም፤ ገንዘቡስ? ያ የደቡብ አፍሪካው ድጎማ ከፋይ ኩባንያ በውሉ ካለው ክፍያ በላይ፣ ተቀባዮችን እንደ ገና ስለ መዘገብሁ ብሎ በ2014 ከ316 ሚሊዮን ራንድ በላይ ተከፍሎት ነበር። ኮራፕሽን ዎች የተባለ ሌላ ማኅበር፣ ምዝገባው በፊተኛው ውል ውስጥ ያለ ሥራ ነው፣ ሁለተኛ ሊከፈልበት አይገባም ብሎ ከሰሰ፤ የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2018 ገንዘቡ ከነወለዱ እንዲመለስ ፈረደ፣ የይግባኙም ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2019 አጸናው። ዳኛው የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ከሳሹም አሸንፏል፤ ፍርዱም የመጨረሻ ሆኗል። በ2020 ግን ኩባንያው ሒሳቡ እየተጣራ ወደ መፍረስ ገባ፤ ኩባንያ ሲፈርስ ደግሞ የተፈረደለትም መንግሥት ቢሆን እንደ ሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ሰነዱን ይዞ በአጣሪው በር ተራ ይጠብቃል።